በግንቡ ሥር የተኙት አሥራ አንዱ

ከበራችን ፊት ለፊት የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። ጠዋት ጠዋት ሰው እዚያ ተኮልኩሎ ይቆማል። አንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይስቃል፣ አንዱ የሱፍ ቅርፊት ይተፋል፣ ሌላው ቲኬቱን ጨማድዶ ይጥላል። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ እወጣና እግራቸውን እያስነሳሁ እጠርጋለሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የቀጠራቸው ጠራጊዎች እያሉ ምን አገባሽ?» ይሉኛል። አገባኛ! ግን ምን ብዬ ላስረዳቸው? የቆማችሁበት ቦታ ላይ አሥራ አንድ ሕፃናት ተቀብረው ነበር ብላቸው፣ ይቺስ ለየላት ብለው ፈንጠር ይሉልኛል። ስለዚህ ዝም ብዬ ጠርጌ እገባለሁ።

ታሪኩ የአክስቴ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ስትሞት በአራት ዓመቴ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሰፈሩ ሰው «ዘበኛዋ» ይላታል። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይቺን ትንሽ የአይሁዶች መቃብር ስትጠብቅ ኖራለች። ቁመቷ ከአካፋ እጀታ ብዙም አይበልጥም ነበር፣ ድምጿ ግን ከዚህ እስከ ገበያው ይሰማል። ኳስ አጥሩን ዘሎ ከገባ አለቀለት፤ ትይዘውና ባለቤቱ ወላጁን ይዞ እስኪመጣ አትሰጥም። እኔ ራሴ ስንት ቀን አፍሬባታለሁ! የክፍል ጓደኞቼ «የሙታኗ ልጅ» ይሉኝ ነበር በሷ ምክንያት።

ቦታውን የገዙት ከሩቅ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ሠላሳ ያህል ቤተሰቦች ናቸው። ጨርቅ ነጋዴ፣ ሰዓት ሠሪ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ አሉ። ሲገዙት ከከተማው ውጭ ነበር። ኋላ ከተማው አደገና ዙሪያውን ከበበው፤ በግራ ጎሚስታ፣ በቀኝ ትምህርት ቤት፣ ከፊት ዋና መንገድ፤ መቃብሩ በመሃል አንገቱን ደፍቶ ቀረ። መቶ አርባ ሁለት ድንጋዮች አሉት። በላያቸው የተቀረጸው የዕብራይስጥ ፊደል ነው፤ አክስቴ አንዱንም ማንበብ አትችልም፣ ግን ድንጋዩን ሁሉ በባለቤቱ ታውቀዋለች። «ይሄ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ነው። ይቺ ሚስቱ ናት። በሕይወታቸው ተነጋግረው አያውቁም፣ ይኸው አሁን ጎን ለጎን ተስማምተው ተኝተዋል» ትለኝ ነበር። ጠያቂ ሲመጣ በአበባ ፋንታ ጠጠር አኑሮ ይሄዳል። ሲወጣ በሩ አጠገብ ባለው ቧንቧ እጁን ይታጠባል። ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ እንዲኖረው ማድረግ የአክስቴ ሥራ ነበር። ውሃ በጠፋ ቀን ከጎሚስታው በባልዲ ስትቀዳ ባለ ጎሚስታውን ሳትሰድብ አትመለስም።

የገባችው በሃያ ዓመቷ የመቃብር ቆፋሪው ሚስት ሆና ነው። አጎቴ ዝምተኛ ነበር ይባላል፤ እኔ አላየሁትም፣ ሳልወለድ ነው የሞተው። ከበሩ አጠገብ ያለችው አንድ ክፍልና ጓዳ ከሥራው ጋር የተሰጠቻቸው ናት፤ አሁንም የምኖረው እዚያው ነው። ልጅ አልወለዱም። እሱ ሲሞት ሥራውን ለሷ ተዉላት። ከዚያ ቤተሰቦቹ እየተነሡ መሄድ ጀመሩ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው እየተከተለ። ሲሄዱ እየመጡ እጇን ይዘው «አባቴን አደራ»፣ «እናቴን አደራ» ይሏታል። አደራ ደግሞ አክስቴ ላይ ሲወድቅ እንዲህ ዋዛ እንዳይመስላችሁ! የተሰነጠቀ ድንጋይ በሲሚንቶ ትጠግናለች፣ ሙጃ በእጇ ትነቅላለች፣ በዝናብ ጊዜ ድንጋዮቹ እንዳይሰምጡ ቦይ ትቀድዳለች። ደመወዙ ቀረ፣ ደብዳቤው ቀረ፣ እሷ ግን አልቀረችም።

ከሠላሳው ቤተሰብ የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ። ከኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንዲት ክፍል ውስጥ በእግር በሚረገጥ መኪና ስትሰፋ ትውላለች። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ ነው የምታወራው። ባሏ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀብሯል። እህቷ ከውጭ «ነይ እንጂ፣ እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» እያለች በየዓመቱ ትጽፍላታለች። እሷ ለአክስቴ ታነብላትና ሁለቱ ይስቃሉ። ሳቃቸው ግን ውሸት ነበር። ለምን እንደማትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ።

በሃያ አራት ዓመቷ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር፤ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረ። በነሱ ሥርዓት ሠላሳ ቀን ያልሞላው ሕፃን ሲሞት ሐዘን አይቀመጡለትም፣ ድንጋይም አይቆምለትም። የዚህ ከተማ ሽማግሌዎች ደግሞ ከዚያ አልፈው ቦታውንም ለወላጅ አያሳዩም ነበር፤ እናት መቃብር ላይ ተደፍታ እንዳትቀር ብለው ነው። ሽማግሌውና ቆፋሪው ብቻ ይዘውት ሄደው በምሥራቅ በኩል ባለው ግንብ ሥር ይቀብሩታል። በየጊዜው እንዲህ የተቀበሩ አሥራ አንድ ናቸው። ማን የት እንደተኛ አጎቴ ያውቃል፤ ላይናገር ቃል ገብቷል፣ ቃሉንም ጠብቆ ሞተ። አክስቴ ፎቶውን እየጠረገች «አንተ ዝምተኛ፣ አንዷን እንኳ ሹክ ብትለኝ ምናለ!» ስትለው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ልብስ ሰፊዋ በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች። ባሏ ላይ ጠጠር ታኖርና ወደ ግንቡ ትሄዳለች። ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ትመለሳለች፤ የትኛው ጋ እንደምትቆም ስለማታውቅ የትም አትቆምም።

እንዲህ አርባ ስድስት ዓመት ሄደ። አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ከመቃብሩ በምሥራቅ በኩል አራት ሜትር ይወሰዳል፤ «በተጠቀሰው ስፍራ ላይ ምንም ዓይነት መቃብር አለመኖሩ በካርታ ተረጋግጧል» ይላል። እኔ ያኔ ትዳሬ ፈርሶ ወደሷ ተመልሼ፣ አጠገባችን ባለው ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ነጠላዋን አንስታ «ተነሽ» አለችኝ።

ኢንጂነሩ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ወንበር ሰጣት።

«እማማ፣ ይኸው ይመልከቱት፤ ካርታው ላይ የለም። ድንጋይ አለው?»

«የለውም።»

«ስም የተጻፈበት ነገርስ?»

«አልተጻፈም። ስም ሳይወጣላቸው የሞቱም አሉበት።»

«ታዲያ እኔ ለአለቆቼ ምን ብዬ ላሳይ?»

«እኔን አሳያቸው! እኔን አታየኝም? ሲገነዙ የታጠቡበትን ውሃ ያሞቅሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ናቸው አልኩህ፤ አሥራ አንድ ብለህ ጻፍ!» ብላ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። ብዕሩ ተንከባሎ ወደቀ። ልጁ ብዕሩን ሲያነሳ ሳቁን እየዋጠ ነበር፤ ግን ጻፈ። ሃያ ቀን ሰጠን። በሃያ ቀን ውስጥ አፅማቸው ወጥቶ ወደ ውስጥ ይዛወር፣ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ይምጣ አለ። ትልቁ ከተማ ላሉት ረቢ ስልክ ደወልን፤ እመጣለሁ አሉ።

የከበደን ለልብስ ሰፊዋ መንገሩ ነው። መንገድ ለመንገድ አክስቴ ምን ብላ እንደምትጀምር ስታጠና ሄደች። «ሕፃኑን ሊቆፍሩት ነው ተብሎ ለእናት ይነገራል? አፈር ስሆን፣ ልቧ ቀጥ ይላል እኮ!» ገባን። ሻይ ቀዳችልን። አክስቴ ዙሪያውን ስትዞር፣ ስትዞር ቆይታ በመጨረሻ አፈረጠችው።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካች። ከዚያ ፊቷ በራ። እኔ እንደዚያ ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም።

«ላገኘው ነው በይኛ!» አለች።

«እንዴት?» አለች አክስቴ።

«በቁልፉ ነዋ! ሸሚዙን ረሳሽው? እርጉዝ ሆኜ የሰፋሁትን። አንገቱ ላይ አንዲት የዛጎል ቁልፍ አለችው፤ ከሠርግ ቀሚሴ ፈትቼ ነው የተከልኩለት። ጨርቁ በስብሶ ይሆናል፣ ዛጎል ግን መቼ ይበሰብሳል? ከነሸሚዙ አይደል የተቀበረው? አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

አክስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አዎ» አለች።

«እንግዲያው ቁልፏ የተገኘችበት የኔ ነው!» አለችና አክስቴን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። «አርባ ስድስት ዓመት! መንገድ የሚሠሩትን እግዜር ይባርካቸው!»

ቤት እንደተመለስን አክስቴ አልጋው ሥር ተንበርክካ ሻንጣ ጎተተች። ከልብሶቿ ሥር በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታችው። መዳፍ የምታክል ሸሚዝ ናት፣ ጠርዟ በእጅ የተጠለፈ፣ አንገቷ ላይ አንዲት ነጭ የዛጎል ቁልፍ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ፤ ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም።

በነሱ ሥርዓት ሙት የሚገነዘው በተራ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ኪስ የለው፣ ቋጠሮ የለው፤ ሀብታሙም ድሃውም አንድ ዓይነት። ሕፃኑ የሞተ ቀን አክስቴ ውሃውን አሙቃ ወደ ሬሳ ማጠቢያው ክፍል አስገባች። አጣቢዎቹ ሁለት አሮጊቶች ሸሚዙን አውልቀው አጣጥፈው «ለእናቱ መልሺላት» ብለው ሰጧት። ሌላ ነገር የለውም። ማንም ክፉ አልሠራም።

«ልሰጣት ነበር የሄድኩት» አለችኝ አክስቴ። «ብብቴ ሥር ይዤው ገባሁ። አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ጡቷ በወተት ተወጥሮ ቀሚሷ ርሷል። ድምፄን ስትሰማ ዞረችና ‹ከነሸሚዙ ነው አይደል? አልበረደውም አይደል?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት? አዎ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ነገ እነግራታለሁ፣ ከርሞ እነግራታለሁ ስል ይኸው…»

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ ከሷው ነው የወረስኩት። ጮኽኩባት። «አርባ ስድስት ዓመት አብረሻት እየበላሽ፣ እየጠጣሽ! ሳምንት በሳምንት በዚያ ግንብ ሥር ስትመላለስ እያየሽ! አሁኑኑ ሄደሽ ትነግሪያታለሽ። አሥራ አንዱም ተቆፍሮ ቁልፍ ሲጠፋ ምን ልትዪ ነው? ውሸታም ነሽ!» አልኳት። አክስቴን! ያሳደገችኝን! ስድብ የማያልቅባት ሴት ሸሚዟን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቷ ታለሰልሳለች። «የመጨረሻ ደስታዋን በገዛ አፌ ልግደል?» አለች ብቻ።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። መቀስ ይዛለች። ዓይኗ ሞራ ለብሶ ነበርና ሸሚዟን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቁልፏን ቆረጠቻት። ከዚያ ቀና ስትል አየችኝ።

«አየሽ?» አለችኝ።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ግን ቁልፏን ከጀርባዋ ደበቀቻት። «ምንም አላየሁም» ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ።

ቁፋሮው የተጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ረቢው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ሁለት ሠራተኞች በትንሽ መጥረጊያና በእጅ ነው የቆፈሩት፤ አካፋ ረቢው ከልክለዋል። አጎቴ ነፍሱን ይማረውና ሥራ አዋቂ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን በራስጌና በግርጌ አንድ አንድ ጡብ አስቀምጦ ኖሯል። ስለዚህ ቦታዎቹ አልጠፉም። ከውስጣቸው የተረፈው ግን ምን ይነገራል! ጥቁር አፈር፣ ከጣት ያነሱ ጥቂት አጥንቶች፣ በቃ። አፈሩን የምትነፋው አክስቴ ነበረች፤ ከኔ በቀር ማንም ወንፊቱን አይነካም ብላ ድርቅ አለች። እኔ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ከልብስ ሰፊዋ ወንበር አጠገብ ቆሜያለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስይዛ መጥታለች። እንግዳ የምትቀበል ነበር የምትመስለው። የመጀመሪያው ሲነፋ ተነሥታ ወንፊቱ ላይ አጎነበሰች። የለም። ሁለተኛው ሲነፋ ተነሣች። የለም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ሁሌም ትነሣለች። በአምስተኛው ላይ የኔን ክንድ ተደግፋ ነው። በስድስተኛው ላይ «የለም?» ብላ ተቀምጣ ጠየቀች። በሰባተኛው አልጠየቀችም፤ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች። አክስቴ ከወንፊቱ በላይ አየቻት። እኔም አክስቴን አየኋት።

ስምንተኛውን ስትነፋ እጇን አፈሩ ውስጥ አስገባችና «እሰይ!» አለች። ድምጿ ያ የገበያው ድምጿ አልነበረም። «እሰይ፣ ተገኘ!»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ እንዴት እንደተነሣች አላየሁም፤ ብቻ እዚያ ደርሳለች። አክስቴ ቁልፏን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አደረገች፣ አፈሩን እፍ አለችው፣ ቁልፏን ገልበጥ አድርጋ አየች። እኔ ከትከሻዋ በላይ አየሁ። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ነጭ ክር አለ። ንጹሕ ነጭ ክር፣ ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ። አክስቴ በሞራዋ አላየችውም! እኔ ደግሞ ምንም አላየሁም ብዬ ጓዳ ስገባ ቁልፏን ተቀብዬ አላየኋት! የጥጥ ክር አርባ ስድስት ዓመት ይቅርና ሦስት ክረምት አፈር ውስጥ አይቆይም። ይህን ደግሞ ከክር ጋር ከኖረች ሴት በላይ ማን ያውቃል?

አላውቅም ስንት ጊዜ እንዳየችው። ለኔ ዓመት ነው የሆነብኝ። ከዚያ በአውራ ጣቷ ጥፍር ክሩን መንጭቃ አወጣችና ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

«እሱ ነው» አለች።

አክስቴ አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አጎቴ ሲሞት አላለቀሰችም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ተንበርክካ ራሷን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተይ እንጂ፣ ተገኘ እኮ፤ ተይ በሞቴ» እያለች ታባብላታለች። ረቢው ዞር ብለው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ከሠራተኞቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ብቻ ነኝ ድንጋይ ሆኜ የቆምኩት።

የቀሩት ሦስቱም ወጡ። ረቢው ቁልፏ አብራ እንደማትቀበር ለልብስ ሰፊዋ ነገሯት፤ «ሥርዓቱን አውቃለሁ» አለችና ኪሷ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ አንድ ቀን ስጡኝ አለች፤ መገነዣ ልትሰፋ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልረዳት ስሄድ መኪናዋን እየረገጠች ነው። አጠገቧ ተጣጥፈው የተደረደሩትን ስቆጥር አሥር ሆኑ፤ የያዘችው አሥራ አንደኛው ነው። ሁሉም ልክ እኩል፤ አንዱ ከሌላው በአንድ ጥልፍ አይለይም።

«እትዬ፣ ለሁሉም ነው እንዴ የሰፉት?» አልኳት።

«ለአንዱ ሰፍቼ አሥሩን ራቁታቸውን ልተዋቸው? እናቶቻቸው የሉም» አለችኝ፤ ቀና አላለችም።

ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ከባሏ እግር ሥር በአንድ መስመር ቀበርናቸው። ረቢው «የእርስዎን ለይተን ድንጋይ እናቁምለት?» ብለው ጠየቋት። «ለሁሉም አንድ ይቁም። አሥራ አንድ ነበሩ ተብሎ ይጻፍ» አለች። ከዚያ ጀምሮ ሳምንት በሳምንት ስትመጣ ባሏ ላይ አንድ ጠጠር፣ እዚያች ድንጋይ ላይ አሥራ አንድ ጠጠር ታስቀምጣለች። መመላለሷ ቀረ። አክስቴ በመስኮት እያየቻት «አየሽ? ተቀመጠች። ተቀምጣ ታወራዋለች» ትለኝ ነበር። እኔ ምን ልበላት? አዎ እላታለሁ።

አክስቴ ከሁለት ዓመት በኋላ በልብ ሕመም ሞተች። ሆስፒታል አልሄድም አለች፤ እዚህችው ክፍል ውስጥ ነው የሞተችው። የመጨረሻው ቀን ላይ እጄን ይዛ «እኔ እንኳ ከሁሉም ከሁሉም አንድ ነገር አስተካክዬ ነው የምሄደው» አለችኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳብኩላት። የተቀበረችው በራሳችን መቃብር ነው፣ ከተማው ወዲያ ማዶ። ልብስ ሰፊዋ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጣች። ሰዉ አበባ ሲደረድር እሷ ከቦርሳዋ ጠጠር አውጥታ ከአበባው መሃል አስቀመጠች፤ ከዚሁ ከኛ ግቢ የለቀመችው ነው፣ አውቀዋለሁ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ወደ ቤት መጣች። ሻይ ቀዳሁላት፤ አልጠጣችውም። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው፣ ከሥራ ተነሥታ ነው የመጣችው። ክፍሉን አየች፣ አልጋውን አየች።

«ልጄ፣ አሁን ሸሚዙን ስጪኝ» አለችኝ።

የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ…»

«ሁለት ዓመት የጠበቅሁት እሷ እንድታርፍ ብዬ ነው። ሸሚዙን ስጠይቃት ቁልፏን ከየት እንዳመጣች እንዳወቅሁ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ትኖር ነበር ብለሽ ነው?»

«ያን ቀን አውቀዋል ማለት ነው?»

«አንቺም አውቀሻል። ትንፋሽሽ ማጅራቴ ላይ ነበር» አለች። ከዚያ ዓይኗን በሜትሩ ጫፍ ጠረገች። «የትኛው የኔ እንደሆነ እንደማላውቅ ሲገባኝ፣ አሥራ አንዱንም ላልብሳቸው አልኩ። እንዲያ ከሆነ የኔም ሳይለብስ አይቀርም።»

ሻንጣውን ጎትቼ ሸሚዙን አወጣሁላት። ወረቀቱን ስትፈታ ያደረገችውን አልረሳውም፤ መጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ የአንገቱን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች፤ አክስቴ የቆረጠችበት ቦታ ላይ ሁለት የክር ጫፍ ቀርቷል። ኪሷ ውስጥ ቁልፏ ነበረች። መርፌም ነበራት፤ መርፌ መቼ አጥታ ታውቃለች! እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ መልሳ ተከለቻት። ስትሰፋ እንባዋ ሸሚዙ ላይ እየወረደ ነው፤ እኔም እየተነፋረቅሁ ክሩን አስገባሁላት፤ ዓይኗ ደክሞ ነበር።

የዘበኛነቱ ሥራ ለኔ ተረፈ። የትምህርት ቤቱን ሥራ ለቅቄ አይደለም፤ ጠዋትና ማታ እይዘዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ዓመት ኖረች። እህቷ ቀድማት ሞታ ነበርና ሌላ ሰው የላትም፤ ስትታመም ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ሸሚዙ ትራሷ ሥር ነው የሚያድረው። አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ዓይኗን ገለጠች። ሸሚዙን ከትራሷ ሥር ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ከነሸሚዙ ነው የምቀበረው አይደል?» አለችኝ።

ሥርዓቱን ከኔ በላይ ታውቃለች። አሥራ አንድ መገነዣ ያለ ቁልፍ የሰፋች እሷ ናት። እኔ ደግሞ አክስቴን በዚህችው ጉዳይ ውሸታም ብዬ የሰደብኩ ሰው ነኝ፤ ያቺ ስድብ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ቁልፏን እንዳየቻት ዓይነት ፊቴን እያየች ጠበቀችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ከነሸሚዙ ነው።»

«እሰይ» አለች። እጄን ጨበጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

ሞተች። ከትልቁ ከተማ ሁለት አጣቢ ሴቶች መጡ። ውሃውን ያሞቅሁት እኔ ነኝ፤ በአክስቴ ድስት። እስከ በሩ አደረስኩላቸውና ውጭ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ አንደኛዋ በሩን ገርበብ አድርጋ እጇን አወጣች። ሸሚዙ ተጣጥፎ መዳፏ ላይ ነው።

«ይሄ አብሮ አይገባም። ለቤተሰቧ መልሺላቸው» አለችኝ፣ በደግነት።

ተቀበልኳት። ብብቴ ሥር ይዤው ወደዚህ ክፍል ገባሁ።